የእናትን ሕይወት መጠበቅ የሕፃኑን ቤት መጠበቅ ነው
(በማኅበሩ አባላት ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

ክቡራን የማኅበራችን አባላት፣ ውድ እናቶችና አባቶች፣ የተከበራችሁ እንግዶች፤

ዛሬ እዚህ ያሰባሰበን ወላጆቻቸውን በሞት ያጡ ሕፃናት ጉዳይ ነው። እንደ ልማዳችን ስለ ምግባቸው፣ ስለ ልብሳቸውና ስለ ትምህርታቸው እንነጋገራለን፤ መነጋገርም ይገባናል። እኔ ግን በተሰጠኝ አጭር ጊዜ ውስጥ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሰን አንድ ጥያቄ እንድናነሣ እወዳለሁ። ሕፃኑ እናቱን ከማጣቱ በፊት ምን ማድረግ እንችል ነበር?

እንደምታውቁት በሸሪዓው አነጋገር የቲም የሚባለው ለአካለ መጠን ሳይደርስ አባቱን ያጣ ልጅ ነው። ስለዚህም የድጋፍ መዝገብ ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው ከአባት ሞት በኋላ ነው። እናቱ በወሊድ የሞተችበት ሕፃን፣ አባቱ በሕይወት አለና፣ በመዝገቡ ላይ ላይገኝ ይችላል። ሆኖም ጡት የምታጠባው፣ በሌሊት ብርድ የምታቅፈው፣ ትኩሳቱን በእጇ ዳብሳ ቀድማ የምታውቅለት የለችውም። አበው «እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት ልጅ እኩል ያለቅሳሉ» ይላሉ። የአንደኛው ልቅሶ ግን እናቱ ከገበያ ስትመለስ ያበቃል። የሌላውን ልቅሶ አስቀድሞ ማስቀረት ይቻል እንደ ሆነ መመርመር የእኛም ሥራ ነው።

እናቶች በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ የሚሞቱባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች ከታወቁ ቆይተዋል። እነርሱም ብርቱ የደም መፍሰስ፣ በእርግዝና ምክንያት የሚመጣ የደም ግፊት፣ የተራዘመ ምጥ፣ ከወሊድ በኋላ የሚይዝ ኢንፌክሽንና ጥንቃቄ የጎደለው ውርጃ ናቸው። ለእነዚህ ሁሉ ሕክምና አለ። ማሕፀን እንዲኮማተርና ደሙ እንዲቆም የሚያደርግ ኦክሲቶሲን የተባለ መርፌ አለ። የደም ግፊቱ ያስከተለውን መንቀጥቀጥ የሚገታ ማግኒዚየም ሰልፌት አለ። ምጥ ለጸናባትም ቀዶ ሕክምና አለ። እናቲቱ የምትሞተው ብዙውን ጊዜ እርሷና ሕክምናው በጊዜ ሳይገናኙ ስለሚቀሩ ነው።

ሴሪን ታዴየስና ዲቦራ ሜይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን አለመገናኘት በሦስት መዘግየቶች ከፍለው አሳይተዋል። የመጀመሪያው ሕክምና ለመፈለግ ለመወሰን መዘግየት ነው፤ ይህ በቤት ውስጥ ይደርሳል። ሁለተኛው ወደ ሕክምና ተቋም ለመድረስ መዘግየት ነው፤ ይህ በመንገድ ላይ ይደርሳል። ሦስተኛው ከተደረሰ በኋላ ተገቢውን ሕክምና ለማግኘት መዘግየት ነው፤ ይህ በተቋሙ ውስጥ ይደርሳል። ሦስተኛውን የሚያስቀሩት ሐኪሙ፣ አዋላጇና መድኃኒቱ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን የሚሸነፉት በደጃፋችን ነው። በዚያም በኩል በአገራችን ትልቁን ሥራ የሠሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተጀመረው በ1995 ዓ.ም ነው። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች ተመልምለው ለአንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌው ጤና ኬላ ተመደቡ። አንድ ቀበሌ በአማካይ እስከ 5,000 ሕዝብ ይኖርበታል። ሠራተኞቹ ደመወዝተኞች ናቸው፤ የሚመለመሉትም ከዚያው ከሚያገለግሉት ሕዝብ መካከል ስለሆነ ቋንቋውንና ልማዱን ያውቃሉ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ደረሰ። ሴቶች እንዲሆኑ መመረጡም ያለ ምክንያት አልነበረም። የቤቱ ባለቤት እርሻ ላይ ወይም ገበያ በሆነ ጊዜ ሴት ሠራተኛ ያለ መሳቀቅ ገብታ ከነፍሰ ጡሯ ጋር ትነጋገራለች። ለባዕድ ወንድ የማይነገረው ሁሉ ለእርሷ ይነገራል። በአፋርና በሶማሌ የአርብቶ አደር አካባቢዎች የተማሩ ሴቶች በበቂ ቁጥር ባለመገኘታቸው ወንዶችም ሠልጥነዋል፤ ሥራውም ከሕዝቡ ተንቀሳቃሽ ኑሮ ጋር እንዲስማማ ተደርጓል።

የዚህች ሠራተኛ ዋና ሥራ ማዋለድ አይደለም። በቀበሌዋ ማን እንደ ፀነሰች ታውቃለች፤ ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ነፍሰ ጡሯ ክትትል እንድትጀምር፣ የደም ማነስ መከላከያ እንክብል እንድትወስድ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት እንድትከተብ ታደርጋለች። በነፍሰ ጡሮች ጉባኤ እናቶችን ሰብስባ ምጡ ሲመጣ ማን እንደሚያደርሳት፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚገኝ፣ ልጆቹንና ከብቶቹን ማን እንደሚጠብቅ አስቀድሞ እንዲወሰን ትመክራለች። ቤቷ ሩቅ የሆነውን እናት ቀኗ ሲቃረብ በጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ገብታ እንድትቆይ ታግባባለች።

ሕፃኑ ሲወለድም እትብቱ ላይ እበትም ሆነ ቅቤ እንዳይደረግ፣ ገላው ወዲያው እንዳይታጠብና ከእናቱ ደረት ጋር ተጣብቆ እንዲሞቅ ታስተምራለች። እንገሩ «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ይደፋበት የነበረውን፣ ለሕፃኑም ቅቤ ይቀመስበት የነበረውን ልማድ ለማስተው ደክማለች። ዛሬ እንገር ለሕፃኑ እንደ መጀመሪያ ክትባቱ ሆኖ እንደሚያገለግል፣ ጡት በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር እንዳለበትና እስከ ስድስት ወር ውኃ እንኳ ሳይጨመር ጡት ብቻ እንደሚበቃው ብዙ እናቶች ያውቃሉ። ከዚያ በኋላም ተጨማሪ ምግብ እየተሰጠው እስከ ሁለት ዓመት መጥባቱ በሕክምናው ይመከራል፤ ይህ ለእኛ እንግዳ ትምህርት እንዳልሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ከእ.ኤ.አ. 2010 ወዲህ ደግሞ የሳንባ ምች የያዘውን ሕፃን በጤና ኬላ እንድታክም ተፈቀደላት። መሣሪያዋ ሰዓትና ዓይኗ ነው። የሕፃኑን አተነፋፈስ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለች። ዕድሜው ከ2 ወር እስከ 12 ወር የሆነ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ያለው ደግሞ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን አተነፋፈስ ነው፤ መድኃኒቱን ትጀምርለታለች። ተቅማጥ ለያዘው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ዚንክ ትሰጣለች፤ ወባን በፈጣን ምርመራ ለይታ ታክማለች፤ የክንዱን ዙሪያ ለክታም በምግብ እጥረት የተጎዳውን ትለያለች።

ክቡራን ሆይ፣ ፍሬውን በቁጥር እንመልከት። በአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ይህ ቁጥር ወደ 67 ወርዷል። በ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 871 እናቶች ይሞቱ የነበረው ወደ 412 ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ2000 በጤና ተቋም የወለዱት ከመቶ አምስት ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ከመቶ 48 ደርሰዋል። ይህ ሁሉ የአንድ ፕሮግራም ውጤት ብቻ ነው አልልም፤ መንገዱ፣ ትምህርቱ፣ አዳዲሶቹ ክትባቶችና አምቡላንሱም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን እናቲቱን ከቤቷ አንሥታ ከእነዚህ ጋር ያገናኘች አንዲት ሰው በየቀበሌው ነበረች።

የጎደለውንም ሳይሸሽጉ መናገር ተገቢ ነው። ከተወለዱ በ28 ቀናት ውስጥ የሚሞቱት ጨቅላዎች በ2000 ከ1,000 ውስጥ 49 ነበሩ፤ በ2016 ወደ 29 ወርደዋል። ይህም ከታላላቆቹ ሕፃናት ሞት ጋር ሲነጻጸር ቀስ ብሎ የወረደ ነው። ብዙ ጤና ኬላዎች ውኃና መብራት የላቸውም። መድኃኒት የሚጓደልበት ጊዜ አለ። ሠራተኛዋ ብዙ ዓይነት ሥራና ብዙ መዝገብ ተሸክማለች፤ ደመወዟ ግን ከድካሟ ጋር አይመጣጠንም። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነትም በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ብዙ ጤና ተቋማት ወድመዋል፣ ተዘርፈዋልም። ጤና ኬላው በተዘጋበት ቀበሌ የምታረግዝ እናት ከሃያ ዓመት በፊት ወደ ነበረው አደጋ ተመልሳለች ማለት ነው።

እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል? ሦስት ነገሮችን ላቅርብ።

አንደኛው ዕውቀቱን በየቤታችን ማድረስ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ደም ከፈሰሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣባት፣ ፊቷና እጇ ካበጠ፣ ካንቀጠቀጣት፣ ከፍተኛ ትኩሳት ከያዛት፣ የሽርት ውኃዋ ያለ ጊዜው ከፈሰሰ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ እስኪነጋ አይጠበቅም። አዲስ የተወለደ ሕፃን መጥባት ካቃተው፣ አተነፋፈሱ ከፈጠነ፣ ገላው ከተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ፣ እትብቱ ከቀላና መግል ከያዘ እንዲሁ ነው። ይህን ሚስቶች ብቻ ሳይሆኑ ባሎችም አማቶችም ይወቁት፤ ብዙ ጊዜ ውሳኔው ያለው በእነርሱ እጅ ነውና።

ሁለተኛው መንገዱን ማሳጠር ነው። በወሎ ቅሬ፣ በሌላው አካባቢ እድር የምንለው ማኅበር አለን። ሰው ሲሞት ማንም ሳይቀሰቅሰው ቃሬዛ ይዞ ይወጣል፤ ሥራውን ትቶ ይቆፍራል፣ ይሸከማል፣ ያስተዛዝናል። ይኸው ቅሬ ለቀብር እንደሚወጣ ለምጥም ይውጣ። መኪና በማይገባበት ጎጥ በየወሩ ተረኛ ተሸካሚዎች ይመደቡ፤ ከመዋጮውም ጥቂት ለነፍሰ ጡር ማጓጓዣ ትለይ። ይህ በአንዳንድ አካባቢዎች ተሞክሮ የሠራ ነገር ነው። የሞተውን በክብር የሚሸከም ትከሻ ሕያዋንንም ለመሸከም አይከብደውም።

ሦስተኛው ሠራተኛዋን መደገፍ ነው። የእናቶች ማቆያው እህል፣ ማገዶና ብርድ ልብስ ይፈልጋል። በማቆያው ያለች እናት የምትበላው ካጣች ቀኗ ሳይደርስ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ለየቲሞች ድጋፍ ስንሰበስብ ለዚህም ጥቂት ብንመድብ ከዓላማችን አልወጣንም፤ የዓላማችንን ሥር አጠናከርን እንጂ። እናቱን ያጣ ጨቅላ በአካባቢያችን ሲገኝም መዝገባችን አባቱ በሕይወት አለ ብሎ እንዳያልፈው እለምናለሁ። ከሠራተኛዋ ጋር ተነጋግረን የሚያጠባው፣ የሚያስከትበውና የሚከታተለው ሰው እንዲኖር እናድርግ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ ወላጅ አልባ ሕፃንን ማሳደግ ታላቅ ሥራ ነው፤ የብዙ ዓመት ወጪና ድካምም ይጠይቃል። እናቱን ማዳን ግን አንዳንድ ጊዜ አንድ ቃሬዛ፣ አንድ መርፌና በጊዜ የተወሰደ አንድ ውሳኔ ይበቃዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» እንዲሉ፣ በአንዲት ወጣት ሠራተኛ ትከሻ ላይ የተጫነውን ሸክም እንካፈላት። ወደየቀያችን ስንመለስ ከሁሉ አስቀድመን ጤና ኬላችን ክፍት መሆኑን፣ በዚህ ወር በጎረቤታችን የምትወልደው ማን እንደ ሆነች እንጠይቅ።