ፍሳሹ ሳይቀላቀል



ፓታንቸሩ በሕንድ ሃይደራባድ ከተማ አጠገብ የሚገኝ፣ የመድኃኒት ፋብሪካዎች የበዙበት አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ፣ ስዊድናዊው ዮአኪም ላርሶን የመሩት ጥናት ወደ 90 የሚጠጉ መድኃኒት አምራቾች ፍሳሻቸውን ከሚልኩበት ማጣሪያ ጣቢያ የወጣውን ውኃ መረመረ። ልብ በሉ፤ የተመረመረው ወደ ጣቢያው የገባው ሳይሆን ተጣርቶ የወጣው ነው። በአንድ ሊትር እስከ 31 ሚሊግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ተገኘበት። በሐኪም ትእዛዝ መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ደም ውስጥ እንኳ ይህን ያህል የለም። በቀን የሚፈሰው ሲሰላ 44 ኪሎግራም ገደማ ሆነ፤ ዘጠኝ ሚሊዮን ሕዝብ የነበራት ስዊድን በአምስት ቀን የምትጠቀመውን ያህል መሆኑ ነው።

ማጣሪያው ለምን አልያዘውም? በተለመደው የፍሳሽ ማጣሪያ ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። አንቲባዮቲክ ደግሞ የሚሠራው ባክቴሪያን ለማጥፋት ነው። መርዙን እንዲያስወግድ የተመደበው ሠራተኛ ራሱ የመርዙ ዒላማ ሆነ ማለት ነው። የሚተርፉት መድኃኒቱን የተላመዱት ናቸው፤ እነርሱም የተላመዱበትን ዘረ መል ለጎረቤቶቻቸው ያቀብላሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ እንደሞቱ ተገምቷል። ጥፋቱ ሁሉ የፍሳሽ አይደለም፤ ያለአግባብ የምንውጠው መድኃኒትም አለበት።

ፈንገስ ወደዚህ ጉዳይ የሚገባው የአንቲባዮቲክ ዒላማ ስላልሆነ ነው። ፔኒሲሊን የሚያፈርሰው የባክቴሪያን የሕዋስ ግድግዳ ነው፤ የፈንገስ ግድግዳ ከሌላ ነገር የተሠራ ነው። ፔኒሲሊንን የሰጠን ራሱ ሻጋታ መሆኑን ካሰብን ይህ ብዙም አያስደንቅም።

ከፈንገሶች ሁሉ ይበልጥ ተስፋ የተጣለባቸው በሞተ ግንድ ላይ የሚያድጉት፣ ነጭ አብስባሽ የሚባሉት ናቸው። እዚህ ኢትዮጵያ በገለባ ላይ እያበቀሉ የሚሸጡት የኦይስተር እንጉዳይም ከእነርሱ ወገን ነው። ምግባቸውን የሚያገኙት ሊግኒንን ፈትተው ነው። ሊግኒን የእንጨትን ጭረቶች እንደ ሲሚንቶ አያይዞ ያቆማል፤ ቅርጹም ወጥነት የለውም። እንዲህ ያለውን ነገር የሚሰብር ኢንዛይም አንድ ሞለኪውል ብቻ መርጦ የሚያጠቃ ሊሆን አይችልም። ላኬዝና ፐርኦክሲዴዝ የተባሉት ኢንዛይሞች ከፈንገሱ አካል ውጭ ይረጩና ካገኙት ላይ ኤሌክትሮን ይነጥቃሉ። ቴትራሳይክሊንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች የሚሰበሩት በዚሁ መንገድ ነው። ሰልፋ የሚባሉት አንቲባዮቲኮች ግን ላኬዝን ብቻውን ይቋቋማሉ፤ አጋዥ ኬሚካል ሲጨመርበት ነው የሚሸነፉት።

የባርሴሎና ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትራሜቴስ ቨርሲከለር የተባለውን ፈንገስ አድቦልቡለው በአየር በሚናወጥ ገንዳ ውስጥ የሆስፒታል ፍሳሽ አጣርተውበታል። ብዙ መድኃኒቶች ቀንሰዋል። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም፤ ውኃው ጎምዛዛ እንዲሆን ተደርጓል፣ ፈንገሱም ግሉኮስ ይመገባል። ስኳሩን ደግሞ የፍሳሹ ባክቴሪያዎች ይሻሙታል። በላቦራቶሪ የጸዳ ውኃ ላይ የታየ ውጤት እውነተኛ ፍሳሽ ውስጥ ሲገባ የሚያነክሰው በዚህ ምክንያት ነው። ስለ ፈንገስ በደስታ የሚጻፉ ዘገባዎች ይህን አንቀጽ ሲዘሉት አያለሁ።

መሬት ላይ ችግሩ ይብሳል። ከከብትና ከዶሮ ፍግ ጋር ወደ ማሳ የሚገባ ቴትራሳይክሊን ከሸክላ አፈር ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ኢንዛይሙ አጠገቡ መድረስ ይቸግረዋል። ፍጉን ማሳ ላይ ከመበተን በፊት፣ ክምር ሳለ ማከም ይሻላል።

ስለዚህ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ፈንገሱ መቀመጥ ያለበት በፋብሪካውና በሆስፒታሉ ቱቦ ላይ ነው፤ መድኃኒቱ ክምችቱ ከፍ ባለበት፣ ውኃውም ጥቂት በሆነበት ቦታ። የአዲስ አበባን ቆሻሻ ተሸክሞ ወርዶ የአትክልት ማሳ የሚያጠጣውን የአቃቂን ወንዝ በስኳር መግበን፣ አጎምዝዘን አንችለውም። የገንዳውንም ወጪ ፍሳሹን የሚያመነጨው ድርጅት ይሸፍን እንጂ የወንዙ ዳር ገበሬ አይሸፍን።

መሣሪያውን ሊሸጥልን የሚመጣ ሰው «መድኃኒቱ በዘጠና በመቶ ጠፋ» ቢለን ሁለት ነገር እንጠይቀው። ከስብርባሪው ውስጥ አሁንም ባክቴሪያ የሚገድል አለ ወይ? መድኃኒቱን የተላመዱት ባክቴሪያዎችስ፣ ከነዘረ መላቸው፣ ገንዳውን አልፈው ወጥተዋል ወይ? ለሁለተኛው ጥያቄ ፈንገሱ ብቻውን መልስ የለውም፤ ከገንዳው በኋላ ውኃውን በኦዞን ወይም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ማከም ያስፈልጋል፤ ያም በዋጋው ውስጥ ይግባ።