የጭቃ ግድግዳ አጥንት፤ በወደራና በነጌሌ ቦረና የእንጨትና የጭድ ዕድሜ



ስለ ጭቃ ቤት ጥንካሬ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚመረመረው አፈሩ ነው። ግድግዳውን አቁመው የያዙት ግን ቋሚው፣ ማገሩና በጭቃው ውስጥ የተቦካው ጭድ ናቸው። አፈር ክብደት ሲጫነው ይችላል፤ ሲሳብና ሲታጠፍ ግን ይሰነጠቃል። ይህን ድካሙን የሚሸፍኑለት እንጨቱና ጭዱ ስለሆኑ የቤቱ ዕድሜ ከእነርሱ ዕድሜ አይበልጥም።

እንጨትም ሆነ ጭድ በጭቃ ስለ ተሸፈነ ብቻ አይበሰብስም። እንጨት የሚያበሰብሰው ሻጋታ የሚያድገው የእንጨቱ እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ ከመቶ 20 ሲያልፍ ነው። የደረቀ ጭቃ ደግሞ እርጥበትን ከእንጨቱ እየሳበ ከዚህ ልክ በታች ያቆየዋል። በጥንታዊት ግብፅ የጭቃ ጡቦች ውስጥ ጭድ ከ3000 ዓመት በላይ ሳይጠፋ ተገኝቷል። በላስታ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም ግድግዳው እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የታነጸ ሲሆን፣ ከ800 ዓመት በላይ የቆየው በዋሻ ውስጥ ከዝናብ ተጠልሎ ነው። ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው፣ እርጥበቱ ከወዴት ይገባል የሚለው ነው።

ከክብረ መንግሥት ተነሥቶ በወደራ በኩል ወደ ነጌሌ ቦረና የሚወርድ መንገደኛ የአንፈራራንና የወደራን የጥድ ደን አልፎ ቀስ በቀስ ከግራር፣ ከቀይ አፈርና ከኩይሳ አገር ይደርሳል። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ዋናው ገና ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አነስተኛው ሐጋያ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይዘንባል። ከጣራ ጠፈፍ የሚወርደው ውሃ መሬት መትቶ እየተፈናጠረ የግድግዳውን እግር ያርሳል። በዚሁ ስፍራ የተቀበረው የቋሚ ጫፍ እርጥበትንም ምስጥንም በአንድነት ያገኛል።

ምስጥ ከእርጥብ አፈር ርቆ መኖር አይችልም፤ ወደ እንጨቱ የሚወጣው በጭቃ በሠራው መሸፈኛ ውስጥ ነው። ቋሚው በቀጥታ መሬት ሲቀበርና ግድግዳውም ከመሬት ሲጀምር ለምስጡ የተሰወረ መንገድ ተዘጋጀለት ማለት ነው። ባለቤቱ ጉዳቱን የሚያውቀው ግድግዳው ሲያዘም ነው። የጥድ ግንድ ልብ ምስጥን ይቋቋማል፤ ዙሪያው ያለው ነጭ ክፍል ግን ይበላል። በለጋነቱ የተቆረጠ ባሕር ዛፍም አብዛኛው አካሉ እንደዚሁ ነጭ ክፍል በመሆኑ ሳይታከም መሬት ሲቀበር ብዙ አይቆይም። የተበላው ቋሚ በሌላ ጥድ ሲተካ ኪሳራው የባለቤቱ ብቻ ሳይሆን የደኑም ይሆናል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ተደርገው የሚወሰዱ ሁለት ነገሮች ጥንቃቄ ይሻሉ። የመጀመሪያው በጭቃ ላይ የሚለጠፍ የሲሚንቶ ልስን ነው። ሲሚንቶና ጭቃ እኩል ስለማያብጡና እኩል ስለማይሸማቀቁ ልስኑ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃም መውጫ አጥቶ ከበስተኋላ እንጨቱን ያበሰብሳል። ሁለተኛው ብረት ነው። ብረት በቤቶን ውስጥ ከዝገት የሚጠበቀው በሲሚንቶው ከፍተኛ አልካሊነት ነው፤ ጭቃ ይህ ጠባይ ስለሌለው እርጥበት ሲያገኘው ሽቦውና ምስማሩ ይዝጋሉ። በአንጻሩ ያው አልካሊነት ጭድን ስለሚያደክም ሲሚንቶ የተቀላቀለበት የአፈር ጡብ ለጭድ ረዥም ዕድሜ ዋስትና አይሆንም።

የሚሻለው መንገድ ቀላልና በአካባቢው ግንበኛ እጅ የሚገኝ ነው። ግድግዳው ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው የድንጋይ መሠረት ላይ ይነሣ፤ የመሠረቱም የላይኛው ረድፍ በጭቃ ሳይሆን በሲሚንቶ ወይም በኖራ ይያያዝ። ቋሚው በመሬት ውስጥ መቀበሩ ቀርቶ በመሠረቱ ላይ በተጋደመ እንጨት ላይ ይቁም። እንዲህ ሲሆን ቋሚው የመቀበሩን ጽናት ስለሚያጣ በማዕዘኖቹ ላይ ሰያፍ ማጠናከሪያ እንጨት ሊጨመርለት ይገባል። የጣራው ጠፈፍ ወደ ውጭ ይርዘም፤ ውሃውም በቦይ ይራቅ። የውጭው ምርጊት በጭቃና በጭድ ተሠርቶ በየጊዜው ይታደስ።

የድንጋይ መሠረት ምስጥን ፈጽሞ አያግድም። ሆኖም መሸፈኛውን በድንጋዩ ፊት ላይ እንዲሠራ ስለሚያስገድደው ምስጡ በዓይን ይታያል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከገናና ከሐጋያ በኋላ፣ መሠረቱን ዞሮ አይቶ የተገኘውን መሸፈኛ መጥረግ የማንም ቤተሰብ ሥራ ሊሆን ይችላል።

የሙያው ባለቤቶች ድርሻ ደግሞ ይህን የመሠረት አሠራር በንድፍ አስደግፎ ለአካባቢው ግንበኞች ማሳየት ነው። ቋሚው ከመሬት ተነጥሎ ደርቆ በኖረ ቁጥር ባለቤቱ ከተደጋጋሚ ጥገና ያርፋል፤ በወደራ ደን ያለውም ጥድ ሳይቆረጥ ይቆያል።