ፖሊሳችን የማን ልጅ ነው?

(ሐርላ ላይ ለተሰበሰቡ የድሬ ወጣቶች የተደረገ ንግግር፣ ሙሉ ቃሉ)

ከሁሉ በፊት ጥላችሁን ለቃችሁ ላስተናገዳችሁን የሐርላ አባቶችና እናቶች ከልብ እናመሰግናለን።

ለምን ከዚራ ወይ ሳቢያን ሳይሆን እዚህ ተሰበሰብን? የተቀመጥንበት አፈር ስለሚመሰክር ነው። በ2009 ዓ.ም. የእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እዚህ ሐርላ ቆፍረው ያገኙትን ይፋ አደረጉ፦ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የቻይና ሸክላ፣ የግብፅ ሳንቲም፣ ከሩቅ አገር የመጣ ዶቃ። አስቡት እስቲ! ባቡሩ ድሬ ከመግባቱ ከ700 ዓመት በፊት ዓለም እዚህ ይገበያይ ነበር። ነጋዴ ደግሞ ንብረቱን ይዞ የሚመጣው ሰላም ያለበት ቦታ ነው። ጸጥታ ከሌለ ገበያ የለም፤ ይሄ ያኔም ዛሬም አንድ ነው።

እንግዲህ ስለ ዛሬው ጸጥታ እናውራ። ስለ ፖሊስ።

ልጅ ሆነን ሰፈራችን ውስጥ የምናውቀው አንድ ፖሊስ ነበር። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ ይናገራል። ጠብ ሲነሳ ዱላውን ሳያነሳ የሁለቱንም እናት ስም ይጠራል፤ በቃ፣ ጠቡ እዚያው ያልቃል። ብሔሩ ምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ጠይቀንም አናውቅም። የድሬ ፖሊስ ነበር፣ አለቀ።

በኋላ ግን 40-40-20 የሚባል ነገር መጣ። ፓርቲዎች ተቀምጠው ከተማዋን ተካፈሉ፦ 40 ለኦሮሞ፣ 40 ለሶማሌ፣ 20 ለሌላው። የሥልጣን ክፍፍል ነው ተባልን። ግን ወንበር ላይ የተጀመረ ኮታ ወንበር ላይ አይቀርም። እኔ ዲግሪዬን ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ላመለክት ሄድኩ፤ ስሙን አልጠራም። ከውጤቴ በፊት የተጠየቅኩት ብሔሬን ነው። «የድሬ ልጅ ነኝ» ስል ሳቁብኝ። አቦ፣ ያን ቀን የተሰማኝን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ።

ሌላ ቦታ ኮታ እንጀራ ይነሳል። ፖሊስ ጋ ከገባ ግን የባሰ ነው፤ እምነት ይነሳል። ጠብ በተነሳ ቀን ሰው «ፖሊስ መጣ» ማለቱን ትቶ «የነማን ፖሊስ ነው የመጣው?» ብሎ መጠየቅ ከጀመረ ከተማ የለንም። በ1998 ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ሲወስድ ጎርፉ ኮታ አልጠየቀም። እጅ ለእጅ ተያይዞ ሰው ያወጣ ወጣትም አልጠየቀም!

ስለዚህ ጥያቄያችን ግልጽ ነው። አንድ፦ የፖሊስ ቅጥር በችሎታ፣ በሥነ ምግባርና የከተማዋን ቋንቋዎች በማወቅ ይሁን። ሁለት፦ ፖሊስ የሚሠራበትን ሰፈር ይወቅ፣ ሰፈሩም እሱን ይወቀው። ሦስት፦ ሕገ መንግሥቱ ይከበር። አንቀጽ 19ን በቃላችሁ ያዙት፦ የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት ሊቀርብ መብቱ ነው። ይሄ የኛ ልጅ ሲታሰር ብቻ የምናስታውሰው አይደለም፤ የማንወደው ሰው ሲታሰርም ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን። ከኛ መሀል ፖሊስ ለመሆን ያመለከተ ማነው? እጁን ያውጣ! ... አያችሁ? ዲግሪ ይዘን ሥራ የለም እንላለን፣ ዩኒፎርሙን ግን እንንቃለን። የናቅነው ወንበር ላይ ሌላ ሲቀመጥ ደግሞ እንጮሃለን። ምዝገባ ሲወጣ እንሂድ። ከከለከሉን ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባልነውን ጽፈን እንያዝ፤ በማስረጃ እንጠይቅ። ድንጋይ ያነሳ ግን ከኛ አይደለም! ድንጋይ የሚያርፈው የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ነው፤ ኮታውን አይነካውም።

የምንፈልገው የኛ የሆነ ፖሊስ አይደለም። የሁሉም የሆነ ፖሊስ ነው። «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል «የድሬ» ብሎ የሚመልስ፣ ማንም የማይስቅበት።

ድሬ የሁላችን ናት! ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!