ኳሷ ከሰፈር ትነሳ

በ2010 ዓ.ም. ወላይታ ድቻ የግብፁን ዛማሌክ ካይሮ ላይ በመለያ ምት ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ አሰናብቷል። እንዲህ ያለው ድል የሚጀምረው ከሰፈር ሜዳ ነው።

የሰፈር ሊግ ለመጀመር ስድስት ቡድን ይበቃል። ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ሲገናኙ 15 ጨዋታ ይሆናል፤ በየቅዳሜው ሦስት ጨዋታ ቢደረግ በአምስት ሳምንት ያልቃል። ሜዳውን ከቀበሌ አስፈቅዱ። ልጆቹን በዕድሜ ለዩ። ከ12 ዓመት በታች ላሉት 4 ቁጥር ኳስ፣ ጠበብ ያለ ሜዳና ሰባት ለሰባት ይስማማቸዋል። ጎል ከሌለ ሁለት ድንጋይ አስቀምጡ።

ከሁሉ በላይ ግን ዳር ቁጭ ብሎ የሚውል ልጅ አይኑር፤ ሴቶች ልጆችም ይሰለፉ። ዋንጫው ይደርሳል፤ መጀመሪያ ሁሉም ይጫወት።