ስቴሪዮ ስላይድ፦ ክፈፉ፣ መመልከቻው፣ ሸራው

ስቴሪዮ ስላይድ ከግራና ከቀኝ ዓይን አንጻር የተነሱ ሁለት ምስሎችን ይይዛል፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ጥልቀት ይታያል። ቱላ የሚባሉት የቦረና ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች (ኤላዎች) ለዚህ እጅግ የተመቹ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ በሆነው በዱብሉቅ ሰዎች ከላይ እስከ ታች ቆመው ውሃ ሲቀባበሉ፣ ተራ ፎቶ ጠፍጣፋ የሚያደርገው ጉድጓድ በስቴሪዮ ወደ ውስጥ ይሰምጣል።

በእጅ መመልከቻ ለማየት እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው የሪያሊስት ዓይነት ስላይድ ይሻላል። 41 በ101 ሚሊ ሜትር በሆነ አንድ ክፈፍ ላይ ሁለቱም ምስሎች ጎን ለጎን ስለሚታሰሩ አይለያዩም። የቪው ማስተር ክብ ካርድ 7 ጥንድ ይይዛል፤ ምስሉ ግን በጣም ትንሽ ነው።

ለአዳራሽ 50 በ50 ሚሊ ሜትር የሆኑ ጥንድ ክፈፎችና ሁለት ፕሮጀክተሮች ይመረጣሉ። ብርሃኑ በፖላራይዝ ማጣሪያ አልፎ ተመሳሳይ ማጣሪያ ባለው መነጽር ይታያል። ሸራው የብር ቅብ መሆን አለበት፤ ነጭ አቡጀዲ ወይም የኖራ ግድግዳ ብርሃኑን ስለሚያዛባ ሁለቱ ምስሎች ይደራረባሉ። አንዱ ከሌላው ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ከታሰረም የተመልካቹን ዓይን ያደክማል።

በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎና በሞያሌ ሙቀትና አቧራ ምርጫውን ይወስናሉ። በካርቶን የታሰረ ፊልም በአምፖሉ ሙቀት ይጎብጥና ምስሉ ይደበዝዛል። መስታወት ፊልሙን ዘርግቶ ይይዛል፣ አቧራም ይከላከላል፤ በኮረኮንች መንገድ እንዳይሰበር ግን በስፖንጅ በተደለደለ ሣጥን መጓጓዝ አለበት።