ከበዓል በኋላ ነጠላችሁ የት ነው?

ዛሬ ስለ ትልልቅ ጉዳይ አላወራም፤ ስለ ሳፋና ሳሙና ነው የማወራው። አትሳቁ!

ጥምቀት ላይ፣ የካቲት 23 ላይ ሁላችንም ነጭ በነጭ ሆነን እንወጣለን፤ ፎቶው ገጹን ይሞላዋል። በማግስቱስ? ላብ የጠጣው፣ ቅቤ የነካው ልብስ ተጠቅልሎ ፌስታል ውስጥ ይገባል። በዓመቱ ሲወጣ ቢጫ ሆኗል። በረኪና ይደፋበታል፣ ይሳሳል፣ ይቀደዳል። ከዚያ ገበያ ወጥተን ጥለቱ የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ እንገዛለን። ሸማኔው ገበያ አጣ ብለን ፖስት የምናደርገውም እኛው ነን!

እስቲ ልብሱን እንወቀው። ዛሬ ብዙውን ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ ግን እናቶች በእንዝርት የፈተሉት ጥጥ ነው። የሚለሰልሰው ግምዱ ላላ ስለሚል ነው። ስለዚህ አጥብቃችሁ ስታሹት ይሳሳል፤ ስትጠመዝዙት ድርና ማጉ ቦታውን ይለቃል። ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ በመዳፍ ጫን ጫን፤ በቃ። በረኪና ግን ቆሻሻውን ብቻ ሳይሆን ጥጡንም ይበላል፣ የጥለቱንም ቀለም ያጠፋል።

አያቶቻችን በምን ያነጡ ነበር? በእንዶድ። ፍሬው ደርቆ ተወቅጦ ውሃ ሲነካው እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው የብልሃርዝያ አስተላላፊ ነው፤ ከዚያ ምልከታ ዓለም ያወቀው ምርምር ወጣ። እንግዲህ ልብስ ማጠብን የሚንቅ ካለ ይህን ይስማ። እንዶድ ካገኛችሁ ተጠቀሙ፤ ግን መርዝነት ስላለው ከሕፃናት አርቁት፣ አሳም ስለሚገድል እጣቢውን ወንዝ ውስጥ አትድፉ።

አዲስ ባለቀለም ጥለት ከሆነ መጀመሪያ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ከጀርባው ጫን አድርጉበት። ቀለም ከለቀቀ ዘፍዝፋችሁ እንዳትተዉት፤ ቶሎ አጥባችሁ ቶሎ አውጡ። ውጭ ሀገር ያላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ አትክተቱት፤ ሙቀቱ ያሳጥረዋል።

ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል። አንድ ገመድ ላይ ከተንጠለጠለ በራሱ ክብደት ይለጠጣል፤ በሁለት ሦስት ገመድ ላይ ዘርጉት፣ ወይ ንጹሕ ሣር ላይ አስጡት። ባለጥለቱን ገልብጣችሁ ጥላ ላይ። ካውያም ከጀርባው ይሁን፤ የሚያብረቀርቀው ክር አብዛኛው ፕላስቲክ ነው፣ ይቀልጣል።

ስታስቀምጡት ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ፌስታል እርጥበት ያፍናል፤ ሻጋታው የሚመጣው ከዚያ ነው። በየሁለት ሦስት ወሩ አውጥታችሁ አናፍሱት፣ እጥፋቱንም ቀይሩለት፤ ሁልጊዜ በአንድ መስመር የታጠፈ ጨርቅ እዚያው መስመር ላይ ይበጠሳል።

ቁጭቱ የተፈታ ካለ ሳይብስ ቋጩት፤ ካልቻላችሁ ሰፈር ውስጥ የሚችሉ እናት አይጠፉም፣ እግረ መንገዳችሁንም ትማራላችሁ። ነጩ አልቆ ጥለቱ ደህና ከሆነም አትጣሉት። ጥለቱን ፈትቶ ሌላ ቀሚስ ላይ የሚሰፋ ሰፊ አለ፤ ሽሮ ሜዳ ስትሄዱ ጠይቁ።