ትንሹ ሠራተኛ ከትልቁ ኩባንያ ጎን ዋጋውን እንዴት ይተምን?

(ለማታ ትምህርት ተማሪዎችና ለገበያችን ነጋዴዎች ያቀረብነው ንግግር)



የዛሬው ርእሳችን አንዳንዶቻችሁን ያስገርም ይሆናል። የምንናገረው አሜሪካን አገር የቤት ምንጣፍ እያጠቡ ስለሚተዳደሩ ሰዎችና ዋጋቸውን ስለሚተምኑበት መንገድ ነው። «እኛ አቧራ ላይ ተቀምጠን ስለ ምንጣፍ ምን አገባን?» የምትሉ አትጠፉም።

ምክንያታችን ይህ ነው። ከዚሁ ከካምፓችን ትምህርት ቤት ወጥቶ በሦስተኛ አገር ሰፈራ ጆርጂያ ክፍለ ግዛት የገባ አንድ የቀድሞ ተማሪያችን፣ ጥቂት ዓመት ተቀጥሮ ከሠራ በኋላ የምንጣፍ ማጠቢያ ማሽን ገዝቶ የራሱን ሥራ ጀመረ። ከዓመት በኋላ ስልክ ደወለልን። «መምህር፣ ደንበኛ ሞልቶኛል። ከጠዋት እስከ ማታ እሠራለሁ። አሁን ግን የማሽኑ ፓምፕ ተበላሸና ማሠሪያ አጣሁ። ገንዘቡ የት ሄደ?» አለን። ጥያቄው የሒሳብ ጥያቄ ስለነበረ ከማታ ተማሪዎቻችን ጋር ጥቁር ሰሌዳው ላይ አወጣነው። ዛሬ የምናቀርበው ያንኑ ሒሳብ ነው።

እንደሚታወቀው የአሜሪካ መንግሥት የስደተኞች ቅበላ ፕሮግራሙን በጥር 2025 አግዷል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ ይህን የምንናገረው «ተነሡ እንሂድ» ለማለት አይደለም። የተማሪያችን ጥያቄ እዚህ ልብስ የሚሰፋውም፣ ፀጉር የሚያስተካክለውም፣ ሻይ የምታፈላውም እናት ጥያቄ ስለሆነ ነው።

ሥራውና ተወዳዳሪዎቹ

አሜሪካን አገር ብዙ ቤቶች ወለላቸው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በምንጣፍ የተሸፈነ ነው። ተማሪያችን ባለበት በጆርጂያ ሰሜናዊ ክፍል የምትገኘው የዳልተን ከተማ እንዲያውም የዓለም የምንጣፍ ዋና ከተማ ትባላለች። እንዲህ ያለው ምንጣፍ ተነሥቶ ወንዝ አይወርድም። አጣቢው ቤት ድረስ ሄዶ ሙቅ ውሃና ማጽጃ በማሽን ይረጭበታል፤ ማሽኑም ውሃውን ከነቆሻሻው መልሶ ይመጥጠዋል። አንዳንዱ በእጅ የሚገፋ ትንሽ ማሽን ይይዛል፤ አንዳንዱ መኪና ላይ የተተከለ ትልቅ ማሽን አለው።

በዚህ ሥራ ላይ ትልልቅ ስሞች አሉ። ስታንሊ ስቲመር በ1947 በኦሃዮ ክፍለ ግዛት የተመሠረተ ሲሆን በቢጫ መኪኖቹ ይታወቃል። ኬም ድራይ ደግሞ በ1977 ተመሥርቶ በፍራንቻይዝ የተስፋፋ ነው። ፍራንቻይዝ ማለት አንድ ሰው የኩባንያውን ስምና የአሠራር ዘዴ በክፍያ ወስዶ በዚያ ስም መሥራት ማለት ነው። ሰውየው መግቢያ ይከፍላል፤ ከዚያም ውሉ በሚያዘው መሠረት ሮያልቲ የሚባል ክፍያ በየጊዜው ይከፍላል፤ ለማስታወቂያም ያዋጣል። በምትኩ የታወቀ ስም፣ ሥልጠናና ደንበኛ የሚያመጣ ማስታወቂያ ያገኛል።

ተማሪያችን ከእነዚህ የየትኛውም አይደለም። አንድ ሰው፣ አንድ ማሽንና አንድ አሮጌ መኪና ነው።

ስህተቱ ከየት ጀመረ?

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ በራሪ ወረቀት እጁ ገባ። «ሦስት ክፍል በ99 ዶላር» ይላል። ተማሪያችን «እነሱ 99 ካሉ እኔ 60 እላለሁ» ብሎ ወሰነ። ዋጋውን የተመነው የሰው ወረቀት አይቶ ነው፤ የራሱን ወጪ አልቆጠረም። ቤንዚን ሞልቶ፣ ሳሙና ገዝቶ፣ በቀን ሁለት ቤት ሠርቶ 120 ዶላር ኪሱ ሲገባ አተረፍኩ አለ።

እኛ በሰሌዳው ላይ ያደረግነው የማይታየውን ወጪ መጻፍ ነበር። ለስሌት እንዲያመች ቁጥሮቹን ክብ አድርገናል። በዓመት 200 ቀን ይሠራል፣ በቀን ሁለት ቤት ያጥባል ብለን ጀመርን።

1ኛ/ ማሽኑ 3,000 ዶላር ነው፤ ሦስት ዓመት ያገለግላል ብንል በዓመት 1,000፣ በሥራ ቀን 5 ዶላር ይደርሳል።

2ኛ/ የደንበኛ ንብረት ቢበላሽ የሚከፍል ኢንሹራንስ በዓመት 1,200፣ በቀን 6 ዶላር።

3ኛ/ ስልክና ማስታወቂያ በዓመት 1,800፣ በቀን 9 ዶላር።

4ኛ/ መኪና። የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት ለ2025 ለሥራ ለተነዳ ማይል የያዘው መደበኛ ሒሳብ 70 ሳንቲም ነበር። በዚህ ውስጥ ቤንዚኑ ብቻ ሳይሆን ጥገናውና የመኪናው እርጅናም አሉበት። በቀን 40 ማይል ቢነዳ 28 ዶላር ይሆናል።

5ኛ/ ማጽጃና ልዩ ልዩ ዕቃ በቀን 12 ዶላር።

ድምሩ በቀን 60 ዶላር፣ ለአንድ ቤት 30 ዶላር ነው። እንግዲህ ከ60 ዶላሩ ግማሹ ገና እጁን ሳያነሳ ሄዷል። ቀሪው 30 ዶላር የሦስት ሰዓት ዋጋ ነው። ሁለት ሰዓት ማጠቢያ፣ አንድ ሰዓት ደግሞ መንገድ፣ ዕቃ ማውረድና ስልክ መመለስ። ከዚያም ላይ በአሜሪካ ሕግ ለራሱ የሚሠራ ሰው ለጡረታና ለሕክምና መድን የሚከፍለው 15.3 በመቶ አለ፤ የገቢ ግብር ለብቻው ነው። ለሰዓት የቀረው ከ9 ዶላር በታች ሆነ። ከዚህም ውስጥ የቤት ኪራይ ሲከፍል፣ ቀለብ ሲገዛና ለቤተሰብ ሲልክ ለማሽኑ መቀመጥ የነበረበትን 5 ዶላር ሁልጊዜ አብሮ አወጣው። ገንዘቡ የት ሄደ ላለን መልሳችን «ማሽንህን እየቆራረስክ በላኸው» የሚል ነበር። የሰማ ሰው ይስቃል፤ እሱ ግን አልሳቀም።

የራስ ወለል ዋጋ

ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት፣ ማንም ሠራተኛ ከዚህ በታች አልወርድም የሚለውን ዋጋ አስቀድሞ ማወቅ አለበት ነው። አበው «መጥኖ መደቆስ» የሚሉት ይህንን ነው። ተማሪያችን ለሰዓት 20 ዶላር በእጁ እንዲቀር ፈለገ። ለሦስት ሰዓት 60 ዶላር ነው፤ ይህ እንዲተርፈው ከመድኑ ክፍያ በፊት ወደ 70 ዶላር ማግኘት አለበት። ወጪው 30 ነው። ለሚበላሽ ቀንና ተመልሶ ለሚታጠብ ሥራ 10 ዶላር ጨመርን። ድምሩ 110 ዶላር ሆነ። እንግዲህ ለእሱ 110 ዶላር ወለል ነው። ትልቁ ኩባንያ 99 አለም፣ 49 አለም፣ የእሱ ወለል አይለወጥም።

የበራሪው ወረቀት ዋጋ እውነተኛ ዋጋ ነው?

ሁለተኛው ትምህርት፣ የተወዳዳሪን ዋጋ ስናነብ ከሥር በትንሽ ፊደል የተጻፈውንም ማንበብ ነው። እንዲህ ያሉ ማስታወቂያዎች ብዙውን ጊዜ የክፍሉን ስፋት ይወስናሉ፤ ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት ክፍል ይቆጠራል። ደረጃው ለብቻው፣ መተላለፊያው ለብቻው፣ የውሻና የድመት ሽንት ማስለቀቂያው ለብቻው፣ ቆሻሻ እንዳይዝ የሚቀባው መከላከያ ለብቻው ይታሰባል። ደንበኛዋ በ99 የጠራችው ሰው ሥራውን ሲጨርስ ከዚያ በጣም የበለጠ ሒሳብ ሊያቀርብ ይችላል። ተጨማሪ ሥራን አስታውቆ ማስከፈል በራሱ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን በእርግጥ ለመሸጥ ያላሰቡትን በርካሽ አስታውቆ ሰውን ወደ ውድ ማዞርን የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እንደ ማታለል ይቆጥረዋል።

ደግሞም ትልቁ ስም ያለበት ሰው ሸክም የለበትም ማለት አይደለም። ሮያልቲው በመቶኛ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ከጠቅላላ ሽያጩ ነው፤ አተረፈም አላተረፈም ይከፍላል። በሌላ በኩል ማጽጃን በጅምላ ይገዛል፣ ስሙ ይታወቃል፣ መኪኖቹም ቀኑን ሙሉ በአንድ ሰፈር ይሠራሉ። በእነዚህ ነገሮች ትንሹ ሰው አያሸንፈውም። በርካሽነት ልወዳደር ካለ የሚወዳደረው ትልቁ በጠነከረበት ቦታ ላይ ነው።

ታዲያ ምን ያድርግ?

ከተማሪያችን ጋር የተስማማንባቸው ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ/ ዝቅተኛ ክፍያ ይኑረው። አንዲት ትንሽ ክፍል ለማጠብም መኪናው ያው ይነዳል፣ ማሽኑም ያው ይወርዳል። ከዚህ በታች ለሆነ ሥራ አልመጣም ማለትን ይልመድ።

ለ/ ቤቱን ለክቶ ሙሉውን ዋጋ ሥራ ሳይጀምር በጽሑፍ ይስጥ። «የምትከፍሉት ይህ ነው፤ አይጨምርም» ማለት በራሪ ወረቀት የማይሰጠው ነገር ነው። በተጨማሪ ሒሳብ የተቃጠለ ደንበኛ ለዚህች አንዲት ቃል ብዙ ይከፍላል።

ሐ/ አንድ ዋጋ ብቻ አያቅርብ። ተራ እጥበት፣ እድፍ ማስለቀቅ ያለበት እጥበት፣ መከላከያ የተጨመረበት እጥበት ብሎ ሦስት ደረጃ ያስቀምጥ። ገንዘብ ያጠራት ሴት ዋጋውን ከመከራከር ይልቅ ደረጃውን ትመርጣለች፤ እሱም ከወለሉ አይወርድም።

መ/ ቅናሽ ከሰጠ ከተቆጠበ ወጪ ይስጥ። ጎረቤት በዚያው ቀን ካሳጠበ መንገዱ ስለቀረ 10 ዶላር መቀነስ ያዋጣል። «እባክህ ቀንስልኝ» ስላሉት ብቻ ከቀነሰ ግን የሰጠው ከልጆቹ ምግብ ነው።

ሠ/ ራሱን ይሽጥ። ከትልቁ ኩባንያ ዛሬ የመጣው ሠራተኛ በሚቀጥለው ዓመት ላይመጣ ይችላል። ተማሪያችን ግን ያው ሰው ነው። የትኛው ክፍል ውስጥ ቡና እንደፈሰሰ ያስታውሳል፤ ጫማውን ያወልቃል፤ ችግር ካለ ተመልሶ ይመጣል።

ረ/ ከሌሎች አጣቢዎች ጋር ተሰብስቦ «ሁላችንም ከዚህ በታች አናጥብም» ብሎ አይማማል። በአገራችን ልማድ ይህ መረዳዳት ሊመስል ይችላል። በአሜሪካ ግን ከ1890 ጀምሮ ባለው የሸርማን ሕግ ተወዳዳሪዎች በዋጋ ላይ መስማማታቸው ወንጀል ነው። ሒሳብ አወጣጥን መማማር ይቻላል፤ ዋጋውን ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይወስን።

ከአድማጮች የቀረበ ጥያቄ

አንድ ወንድማችን «ታዲያ ለምን ራሱ ፍራንቻይዝ አይገዛም? ስሙ ያመጣለት የለም ወይ?» ብለው ጠየቁን። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለአንዳንድ ሰው ይበጃል፤ ሥልጠና ያገኛል፣ ስልኩም ቶሎ ይጮኻል። ነገር ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደሚባለው ውሉን ሳያነቡ መፈረም አይገባም። በፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ መሠረት ሻጩ ዝርዝር ሰነድ፣ ገዢው ከመፈረሙ ወይም ከመክፈሉ ቢያንስ 14 ቀን በፊት መስጠት አለበት። በሰነዱ ላይ ክፍያዎቹ ሁሉና የቀድሞ ገዢዎች አድራሻ ይገኛሉ። ገዢ የሆነ ሰው ለእነዚያ ሰዎች ደውሎ ይጠይቅ። ሮያልቲውንም እንደ 6ኛ ወጪ በሰሌዳው ላይ ጽፎ ወለሉን እንደገና ያውጣ።

መደምደሚያ

ተማሪያችን ዋጋውን ወደ 115 ዶላር ከፍ አደረገ። ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብለን አንዋሽም። ከደንበኞቹ ብዙዎቹ ጥለውት ሄዱ፤ ሁለት ወር ያህል ማታ ማታ መጋዘን ውስጥ ተቀጥሮ ሠራ። ፓምፑን ያሠራው በዚያ ደመወዝ ነው። አሁን በሳምንት የሚያጥባቸው ቤቶች ከድሮው ያነሱ ናቸው፤ በየማታው ግን 5 ዶላር ለማሽኑ በአንድ ጣሳ ውስጥ ያስቀምጣል። ባለፈው ሲደውል ጣሳውን በስልክ አንኳኳልን።

ወንድሞችና እህቶች፣ እኛም ገበያ ውስጥ የአንድ ብርጭቆ ሻይ ዋጋ የምንተምነው ብዙ ጊዜ የጎረቤትን ዋጋ ሰምተን ነው። ከሰሉን፣ ስኳሩን፣ ውሃ የተቀዳበትን ሰዓትና የተሰበረውን ብርጭቆ ማን ይጽፋል? ከነገ ጀምሮ እያንዳንዳችን በአንድ ደብተር ላይ የአንድ ሳምንት ወጪያችንን ሳንንቅ እንጻፍ። መጻፍ ለማይችሉ የማታ ተማሪዎቻችን ያግዛሉ። ደብተሩን ይዛችሁ የምትመጡ ሁሉ ወለል ዋጋችሁን በሰሌዳው ላይ አብረን እናወጣለን።